ጨዋው ሣጥን

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በደብረ ብርሃን ያሉ ሣጥኖች በሙሉ በአንድ አፍ ይናገራሉ። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ያለ ሰው ያው ድምፅ ከግራም ከቀኝም ግድግዳ ሲወጣ ይሰማል፤ ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ የዜና አንባቢ ዓይነት። የዕለቱን የጥገና መመሪያ ታነባለች። በየቤቱ አንድ ሰው ይነሣና የተባለውን ያደርጋል። ማጣሪያውን ያራግፋል፣ ገመዶቹን ይፈትሻል፣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይጠርጋል። ፊት መታጠብም ቁርስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከተማው የሚሸጠው ብርዱን ነው። ሣጥን ብርድ ይወዳል፣ ሰው ሙቀት ይወዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሣጥን ይቀበላል፤ ሣጥኑ የሩቅ አገር ሰዎችን ሥራ ሲሠራ ይውልና ከሥራው የሚተርፈውን ሙቀት ለቤቱ ይለቃል። ምን ሥራ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። በኅዳር ውርጭ ደጁ ነጭ ሆኖ ሲያድር የሚያነድ ቤት የለም፤ ከሰል የሚሸጥ ሰው ካየችም ትሕትና ያየችው በልጅነቷ ነው። ሳሎን ማለት ሣጥኑ ያለበት ክፍል ነው። ሰው እዚያ ይበላል፣ እዚያ ይተኛል፣ እዚያ ይታመማል፣ እዚያ ይታረሳል።

ትሕትና ወንድይፍራው ከዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ተመርቃ ሣጥኖቹን በሚያስተዳድረው ማእከል የመመሪያ ጥራት ክፍል ተቀጠረች። ሥራዋ ሳቅ መፈለግ ነበር።

መመሪያዎቹ መጀመሪያ የተጻፉት በሌላ ቋንቋ ነው። ወደ አማርኛ የመለሳቸው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሰው ላይሆንም ይችላል። ሣጥኖቹ የገቡ ጊዜ አማርኛው ማንንም አላስጨነቀም። ችግሩ የታወቀው ሣጥኖቹ ቤተሰቡ መመሪያውን ሲሰማ የሚያሰማውን ድምፅ መመዝገብ ሲጀምሩ ነው። ሰዉ ይስቅ ነበር።

«ወንዱን ከሴቷ ሲያላቅቁ በቀስታ ይሁን» ይላል የገመዱ መመሪያ። በየቤቱ አንድ ሰው አይጠፋም፣ «ይሄማ የሽማግሌ ሥራ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ!» የሚል። «ሣጥኑ ሲግል አያናግሩት» ሲባል ሚስቶች ወደ ባሎቻቸው ያያሉ። «አልነሣም ካለ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ያስነሡት» ሲባል ደግሞ አባቶች ብርድ ልብስ ውስጥ ወደ ተጠቀለለው ጎረምሳ ልጃቸው ይዞራሉ። ማእከሉ ይህን ሁሉ በካርታ ላይ ቢጫ ነጥብ አድርጎ ያየዋል። ጠዋት ጠዋት ደብረ ብርሃን የአደይ አበባ ማሳ ትመስል ነበር።

«የሚስቅ ሰው አይታዘዝም» ይላል የክፍሉ ኃላፊ አቶ ናሁሰናይ። ቁጡ ሰው አይደለም። ሲናገር ጠረጴዛውን በመዳፉ እያለሰለሰ ነው። «መመሪያ ማለት የማያስቅ፣ የማያስፈራ፣ የማያነጋግር ማለት ነው። እንደ ውኃ።»

ትሕትና ወንዱንና ሴቷን «አንደኛው ጫፍ» እና «ሁለተኛው ጫፍ» አለቻቸው። የሚግለውን ሣጥን «የሙቀት መጠኑ ከፍ ባለ ጊዜ የድምፅ ትእዛዝ አይስጡ» አደረገችው። ቢጫው ከካርታው ላይ እየሳሳ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በስሕተት የተሰካ ገመድ መብዛቱን ሰማች፤ ያ ግን የሌላ ክፍል ጉዳይ ነበር።

አንድ መመሪያ ብቻ እንቢ አለ።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሣጥኑ ራሱን ያጠራል። ሲያጠራ ድምፁ እንዲህ ይላል፦ «ሣጥኑ አየር ሊለቅ ነው። ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ።»

ይህን ሰምቶ የማይስቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ቄስ ይስቃል፣ ኀዘንተኛ ይስቃል። ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው እየጮኹ ወደ ደጅ ይሮጣሉ፤ ትልልቆቹም «ኧረ ወንድሜ ምን በልቶ ነው!» እየተባባሉ ይከተላሉ። በማእከሉ መዝገብ ውስጥ ከሁሉ የጎላው ሳቅ የዚህ መመሪያ ነበር። አቶ ናሁሰናይ በስብሰባ ላይ አንዱን ቅጂ አሰማቸው። መጀመሪያ የሣጥኑ ድምፅ፣ ቀጥሎ የአሮጊት ድምፅ፦

«እሰይ! አስቀድሞ መናገሩ ደግ ነው። ኋላ በእኔ እንዳታሳብቡ!»

ከዚያ የቤቱ ሳቅ፣ የወንበር መንኳኳት፣ የበር ድምፅ፣ ጸጥታ።

የተሰበሰቡት አጎንብሰው ሳቃቸውን ዋጡ። ትሕትና አልሳቀችም። ድምፁ የእማሆይ ጠጂቱ ነበር፤ የአባቷ አክስት፣ እሷንና እህቷን ያለ እናት ያሳደጉ ሴት። ይህን አልተናገረችም። በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

«ይህ ቤት ብቻውን የሩብ ቀበሌ ሳቅ አለው» አለ አቶ ናሁሰናይ። «ትሕትና፣ ይህን ላንቺ ሰጥቻለሁ።»

ብዙ ቀን ለፋችበት። «አየር» የሚለው ቃል አስቸገረ፤ «ጋዝ» ብትለው ባሰ። አንድ ቀን ወደ ኃላፊው ቢሮ ገብታ፣ «ለምን እንደሚወጡ ምክንያቱ ቢነገራቸውስ?» ብላ ጠየቀች።

«ምክንያቱ ምንድን ነው?»

«እኔ አላውቅም። ጥያቄዬም እሱ ነው።»

«ለአገልግሎቱ ጥራት ነው» አለ። «ምክንያት ካበዛሽ ፍርሃት ይመጣል። ፍርሃት ደግሞ ከሳቅ ይብሳል።»

ስለዚህ ትሕትና ቃሉን በሙሉ ትታ እንደ አዲስ ጻፈችው። ሰው ሰውን እንደሚያከብር አድርጋ ጻፈችው፤ እሷ ራሷ ከማታውቀው ቤት ገብታ እንዲህ ያለ ነገር ብትጠይቅ በምትለው ዓይነት።

«የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ እንደምን ዋላችሁ? ባይከብዳችሁና ቢመቻችሁ፣ ለጥቂት ጊዜ ወደ ደጅ ወጣ ብትሉልን በትሕትና እንለምናለን።»

አቶ ናሁሰናይ ሁለቴ አነበበው። «ስምሽን ፈረምሽበት እኮ» አለ ፈገግ ብሎ። ኮሚቴውም ሳያርም አጸደቀው። ለእሷ ከዚያ በፊት ሳይታረም ያለፈ ነገር አልነበረም። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ዓረፍተ ነገሩን በልቧ ትለው ነበር።

በኅዳር እህቷ ፀዳለ ወንድ ልጅ ወለደች።

ፀዳለ የምትኖረው ከበሬሳ ወንዝ ማዶ፣ በአባታቸው ቤት፣ ከእማሆይ ጋር ነው። ባሏ መስክ ላይ ነበር። የቤቱ ሣጥን አሮጌ ነው፤ ያስላል፣ አንዳንድ ቀንም ያቃስታል። እማሆይ «ጎረቤቴ» ይሉታል። ሕፃኑ ጊዜው ሳይደርስ ስለ ተወለደ ትንሽ ነበር፤ አዋላጇ ከሣጥኑ አጠገብ እንዳይርቅ፣ ብርድ እንዳይነካው አጥብቃ ተናግራለች። ትሕትና በየቀኑ ከሥራ በኋላ እየሄደች ታየዋለች። ጣቱን በጣቷ ላይ ስታሳርፈው ልቧ ይፈራ ነበር። ከዚህ በፊት ፀዳለ የወለደቻቸው ልጆች ሞተውባታል፤ ይህ የመጀመሪያው በሕይወት የቆየላት ነው።

ቅዳሜ ጎረቤት ለአራስ ጥየቃ የሚመጣበት ቀን ነበር። ትሕትና ተረኛ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ እንደምትደርስ ተናግራ ቢሮ ገባች።

ቢሮው ባዶ ነበር። ካርታው ላይ ቢጫ ነጥብ የለም። አዲሱ መመሪያ በሥራ ላይ የዋለው በዚያው ሳምንት ነውና ከየቤቱ የተመለሰውን ድምፅ ልትሰማ የጆሮ ማዳመጫዋን አደረገች። የመጀመሪያው ቅጂ የአንድ ባልና ሚስት ቤት ነበር። ያረጁ ሰዎች መሆናቸው ከድምፃቸው ይታወቃል። የሣጥኑ ድምፅ ዓረፍተ ነገሯን አነበበ። ያምር ነበር።

«ምን አለች?» አለ ሽማግሌው።

«ወጣ ብትሉልን ነው የምትል። ኧረ እንዴት ያለች ጨዋ ናት እቴ።»

«አይ፣ ደህና ነን እኛ። አትቸገሪ ልጄ።»

«ደግሞ የት እንወጣለን በዚህ ብርድ። እናንተ ሥራችሁን ሥሩ፣ እኛ ጥግ ይዘን እንቀመጣለን።»

ከዚያ ስለ አንድ የታመመ ዘመድ አወሩ። ሴትየዋ ዓረፍተ ነገር ጀምራ አልጨረሰችም። ጸጥታ ሆነ። ከጸጥታው በኋላ የሣጥኑ ድምፅ፣ «ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን» አለ። ከዚያም ጸጥታው ቀጠለ።

ከቅጂው ሥር የተጻፈው «ሳቅ፦ የለም። መመሪያው በእርጋታ ተሰምቷል» ይል ነበር።

ትሕትና ከአሮጌዎቹ ቅጂዎች አንዱን አወጣችና ሰማች። ሳቅ፣ የወንበር መንኳኳት፣ በር፣ ጸጥታ፣ እንደገና በር፣ እንደገና ሳቅ። ወደ አዲሱ ተመለሰች። በር የለም። ሌላ ቤት ከፈተች። እዚያም አንዲት ሴት «አይ፣ አይገባም፣ እዚሁ ይመቸናል» ስትል ተሰማች፤ እዚያም በር የለም። የማዳመጫው ጸጥታ በጆሮዋ ውስጥ ይነፍስ ነበር።

ሰው ሲጋበዝ መጀመሪያ እንቢ ይላል። ብላ ሲባል ጠግቤያለሁ ይላል፣ ግባ ሲባል እቸኩላለሁ፣ ተነሥ ሲባል ደህና ነኝ። ሁለተኛ ሲለመን ያመነታል። «በሞቴ» ሲባል ይቀበላል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ስታድግ ከቤቱ አየር ጋር የሳበችው ነገር ነው። ሣጥኑ የሚለምነው አንዴ ብቻ ነበር።

አቶ ናሁሰናይ ቤቱ ነበር። ስትደውልለት ከበስተኋላው የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«አልወጡም» አለችው። «ሰዎቹ ክፍሉ ውስጥ ቀርተዋል። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው የለም።»

«ሳቁስ?»

«ሳቅ የለም። አቶ ናሁሰናይ፣ ሲያጠራ ክፍሉ ውስጥ ምን ይቀራል?»

«አየር አይቀርም መሰለኝ» አለ። «የድሮ ቴክኒሻኖች እንደዚያ ይሉ ነበር። ግን እኮ ሰው ይወጣል። ቀርቶ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«አሁን እየቀሩ ነው።»

«ማክሰኞ ኮሚቴ አለ። ሰኞ ጠዋት በጽሑፍ አቅርቢልኝ።»

«ዛሬ የሚያጠሩ አሉ!»

ድምፅዋ ከፍ ብሎ ስለ ነበር ሁለቱም ደነገጡ። «ተረጋጊ» አለ እሱ በእርጋታ። «ምናልባት ተኝተው ይሆናል እኮ።»

የዕለቱን ተራ ከፈተች። ከሰዓት በኋላ የሚያጠሩት ከበሬሳ ማዶ ያሉት ናቸው። የአባቷን ስም አገኘችው። ወደ ፀዳለ ደወለች፤ ሣጥኑ ለማጥራት ሲዘጋጅ የቤቱን መስመር ይዘጋል። «የተከበሩ ደንበኛ» አላት ድምፁ፣ ያው ድምፅ፣ «ቤተሰቡ ለጊዜው በጥገና ላይ ነው።»

ኮቷን ሳትለብስ ወጣች።

በባጃጅ እስከ ድልድዩ ሄደች፤ ከድልድዩ ማዶ መንገዱ ለባጃጅ አይሆንምና ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። የቤታቸው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ ሞቅ ያለ የሰው ወሬ ይሰማል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ድምፅ፣ የማንኪያ ድምፅ። በሩን ገፍታ ስትገባ ክፍሉን የሞላው እንግዳ እንዳለ ብድግ አለ።

«ኖር!»

«ኖር በእግዜር!» አለች ከልማድ፤ አፏ ያለ እሷ ፈቃድ መለሰ። እንግዶቹ ተመልሰው ተቀመጡ። ለእሷ ተነሥተው ነበር።

«ምን አስሮጠሽ ልጄ? ላብ በላብ ሆነሻል እኮ» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ የጎረቤት ሴት፣ ቦታ እየለቀቁላት። ፀዳለ ጥግ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ከጎኗ፣ ከሣጥኑ አጠገብ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እማሆይ ጠጂቱ ከማዶ፣ ወንበራቸው ላይ ናቸው።

«ሣጥኑ ተናግሯል?» አለች ትሕትና።

«አሁን!» አሉ ጋሽ ተክለወልድ፣ የወይዘሮ አስካለ ባል፣ ገንፏቸውን እየጎረሱ። «ዛሬስ አዲስ ንግግር አምጥቷል። ድሮ ሲያባርረን ነበር የኖረው፣ ዛሬ የተከበራችሁ ይላል። ከየት የተማረው ይሆን!»

«ትምህርት ቤት ገብቶ ነው» አለች አንዷ።

«እኔማ አፈርኩለት» አሉ እማሆይ። «የፊተኛው ጊዜ ስንት ነገር ስለው ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋ መሆኑን መች አወቅሁ? አትቸገር ልጄ፣ ደህና ነን አልኩት።»

«ውጡ» አለች ትሕትና።

ድምፅዋ ከማንኪያው ድምፅ በታች ነበር። ማንም አልሰማትም፤ ወይም የሰማት «ኑ፣ ውጡ ወደ ሌላው ክፍል፣ ቦታ ይገኝ» ማለቷ መሰለው።

«እባካችሁ ውጡ። ሁላችሁም። አሁን።»

«አይ፣ እኛማ ገና መግባታችን ነው» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «አታስቢ፣ አራሷን አናደክማትም። ይልቅ ቁጭ በይና ቅመሺ።»

«አየሩ ያልቃል! ሰው ይሞታል!»

«ምን ሆናለች?» አለች ፀዳለ።

«ደክሟት ነው» አሉ እማሆይ። «ያን መሥሪያ ቤት ተይ ብያት ነበር። ነይ እስቲ እዚህ፣ አላጎረሱኝም ብለሽ ኋላ ደግሞ እንዳታኮርፊ።» ትልቅ ጉርሻ ገንፎ በቅቤ ነክረው እጃቸውን ዘረጉላት።

ከሣጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ጠቅ አለ። ማራገቢያው ቆመ። ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ቆሞ የማያውቅ ድምፅ ነበርና ሁሉም ለአፍታ ዝም ብለው ወደ ሣጥኑ አዩ። ከዚያም ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ትሕትና በሰዎቹ መካከል አለፈች። የሰው እግር ረገጠች፣ ሳሕን ገለበጠች፣ ይቅርታ አላለችም። ጎንበስ ብላ ሕፃኑን ከነጋቢው አነሣችና ወደ በሩ ሮጠች።

ያልተጠመቀ ልጅ ከቤት አይወጣም። ያን ቀን ደጁን ይነፍስ የነበረውን ንፋስ ለአዋቂም አይመኙትም። መጀመሪያ የጮኸችው ፀዳለ ናት፤ ትሕትና እንዲያ ያለ ጩኸት ከእህቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተነሣ።

«ልጁን! ልጁን!»

«ያዟት! አብዳለች!»

ትሕትና ግቢውን አቋርጣ እስከ አጥሩ ድረስ ሮጠች። ከኋላዋ ሳሕን ሲሰበር፣ በርጩማ ሲወድቅ፣ የሰው እግር ሲጎርፍ ሰማች። አንድ እጅ ከኋላ ጸጉሯን ያዘና ጎተታት። ጋሽ ተክለወልድ ነበሩ። ፀዳለ በባዶ እግሯ ደርሳ ልጁን ከእጇ ነጠቀችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሕፃኑ አለቀሰ። ትሕትና ተንበርክካ ያንን ልቅሶ አዳመጠች።

«ምን አደረገሽ? ምን በደለሽ?» ትላታለች ፀዳለ። ሌሎቹም ከበቧት። አንዷ በጥፊ መታቻት።

ከጀርባቸው በሩ ራሱን ዘጋ።

ዝግ ብሎ፣ ሳይጮህ ነው የተዘጋው። ዞረው አዩት። ትሕትና ፊቶቹን ተራ በተራ ስትቃኝ አንድ ፊት አጣች።

«እማሆይስ?» አለች።

በመስኮቱ በኩል ይታያሉ። ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ጉልበታቸው ቶሎ አይታዘዝላቸውም፣ ሰው ደግፎ ነበር የሚያስነሣቸው። ዛሬ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ያችን ጉርሻ በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ በሌላው እጃቸው በመስኮቱ በኩል ምልክት ሰጡ፤ እኔ ደህና ነኝ፣ ልጁን ያዙት የሚል ምልክት።

ጋሽ ተክለወልድ በሩን ገፉ። በሩ አልተነቃነቀም። ማጥራት ከተጀመረ እስኪያልቅ ድረስ አይከፈትም፤ ይህ በየትኛውም መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም፣ ከውጭ ሆኖ ለመክፈት የሞከረ ሰው ኖሮ አያውቅምና። ወይዘሮ አስካለ መስኮቱን በመዳፋቸው መቱ። ትሕትና ድንጋይ አነሣች። የመስኮቱ መስተዋት ለውርጭ ተብሎ የተሠራ፣ ሦስት ድርብ ነው። ድንጋዩ ነጭ ጭረት ትቶ ተመለሰ። እንደገና መታችው። ውስጥ እማሆይ ግንባራቸውን ቋጥረው ያዩአት ነበር፤ መስተዋት እንደምትሰብር ልጅ ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ የሚሉት ነገር የጠፋባቸው ይመስል አፋቸውን ገጠሙ። እጃቸው ወደ ጭናቸው ወረደ። ጉርሻው ቀሚሳቸው ላይ ወደቀ። አንገታቸው ጎንበስ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው እንደሚያደርጉት፣ በጣም ቀስ ብሎ።

መስተዋቱን መምታት መጀመሪያ ያቆመችው ትሕትና ነበረች። ሌሎቹ ቀጠሉ።

በሩ ሲከፈት በሙቀት ፋንታ የቀዘቀዘ፣ ምንም የማይሸት ነገር ወጣ። የሣጥኑ ድምፅ ስለ ትብብራቸው አመሰገናቸው። ማራገቢያው ተነሣ። ጋሽ ተክለወልድና ሌላ አንድ ሰው እማሆይን ተሸክመው አወጧቸው፤ በረንዳው ላይ አስተኟቸው፣ ጠሯቸው፣ ደረታቸውን አሹ፣ ውኃ ረጩባቸው። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አውልቀው ፊታቸውን አለበሷቸው።

ወዲያው ማንም አልጮኸም። ድንጋጤው ገና ወደ ልቅሶ አልተለወጠም ነበር። ግቢው ውስጥ እንደ ቆሙ፣ ጫማ ያላደረገው በባዶ እግሩ፣ ወደ ተከፈተው በር ያያሉ። ሕፃኑ ጋቢው ውስጥ ይነጫነጫል።

«የልጁን ነፍስ አተረፍሽ» አለች ፀዳለ። የምትናገረው ለትሕትና መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደ። «እኛንም።»

«ነግሮን ነበር እኮ» አሉ ጋሽ ተክለወልድ። «ለምኖን ነበር። በክብር ነው የለመነን።»

«እኛ ነን የተግደረደርነው» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ምን ነበረበት ብንነሣለት? ደግሞ ይለምነናል ብለን። በሞቴ እስኪለን ነው የምንጠብቀው?»

«እሱማ ምን ያድርግ።»

«ጥፋቱ የኛ ነው።»

አንዱ ካንዱ እየተቀባበሉ ይሉታል፤ ሲሉት ትንሽ የሚቀላቸው ይመስላል። ትሕትና ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። የካርታው ነጥብ ንጹሕ ነው፣ ከቅጂው ሥር የሚጻፈውም ከወዲሁ ይታወቃል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌሎች ቤቶች ደግሞ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «ያን ንግግር። ሣጥኑ የተናገረውን። እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ፀዳለ ልጇን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገችው። ትሕትና ጥፊውን ጠበቀች፤ እንዲያውም ፈለገችው።

ወይዘሮ አስካለ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ኮት አለመልበሷን አይተው ትከሻዋን በእጃቸው ያሻሹላት ጀመር፣ እንደ ታመመ ሰው።

«በጣም ያምር ነበር ልጄ» አሉ። «እማሆይም ደስ ብሏቸው ነበር። እንዲያ አክብሮ የሚናገረን ሰው እንኳ አግኝተን አናውቅም።»